የሚስቱ ኮምፒውተር ከማን ጋር ነው የሚያወራው

ቀናተኛ ነህ ቢሉት ይቆጣ ነበር። ቅናት የሚባለው ነገር ሥራ የፈታ ሰው የሚይዘው በሽታ እንጂ፣ እንደ እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ኬብል ሲጎትት የሚውል ሰው ጋ የሚደርስ አይመስለውም ነበር። በሚሠራበት የመድን ድርጅት ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም «ጋሼ ሽቦ» ይሉታል። ኮምፒውተር ሲቆም ጋሼ ሽቦ፣ አታሚው ወረቀት ሲበላ ጋሼ ሽቦ፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ እንቢ ሲል እንኳ ጋሼ ሽቦ። ሁሉንም ያስተካክላል። ለምን እንደተስተካከለ ብትጠይቁት ግን አያውቅም። ያጠፋዋል፣ መልሶ ያበራዋል፣ ካልሆነ ከኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ትእዛዝ እንዳለ ይገለብጣል። ከሠራ እሰየው፣ ካልሠራ ሌላ ይገለብጣል።

ድርጅቱ «ከእንግዲህ በግምት አንሠራም» ብሎ የኔትወርክ ሥልጠና ሲያዘጋጅ ከየቅርንጫፉ ከመጡት ጋር እሱም ተቀመጠ። አሰልጣኙን ግን ገና በበሩ ሲገባ አልወደደውም። ልጁ ዘናጭ ነው። ሸሚዙ መተኮሱ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተተኩሶ መዋሉ ነው የሚያናድደው። ገንዘብ ያዧ አንዴ አየችውና «ሙሽራው» ብላ ስም አወጣችለት፣ ስሙም እዚያው ጸና። ይባስ ብሎ ማስተማር ይችላል። የማይችል ቢሆን ኖሮ ጋሼ ሽቦ ደስ ብሎት ይንቀው ነበር።

«ሁለት ኮምፒውተሮች ዝም ብለው ወሬ አይጀምሩም» አለ ሙሽራው በመጀመሪያው ሳምንት። «እንደ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይባባላሉ። አንዱ ‹አለህ?› ይላል። ሌላው ‹አለሁ፣ አንተስ አለህ?› ይላል። ያም ‹እኔም አለሁ› ይላል። ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨርሱም ተሰነባብተው ነው የሚለያዩት።»

«መልስ ባይመጣስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሞቷል ብላችሁ አትቅበሩት። መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ትንሽ ጠብቆ እንደገና መጠየቅ ነው። አሁንም ካልመጣ፣ ከበፊቱ ረዘም አድርጎ ጠብቆ እንደገና።»

«ትዕግሥቱ!» አለች ገንዘብ ያዧ። እሷ ሠልጣኝ አይደለችም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

ጋሼ ሽቦ ያን ቀን ሳይወድ በግዱ ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነካካው የኖረው ነገር ሥርዓት ያለው መሆኑን አላወቀም ነበርና ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እያደነቀ ነገራት። ጥፋቱም እሱ ነበር። ሚስቱ «እንዲህ አድርጎ የሚያስተምርህን ሰው አንድ ቀን እንኳ ምሳ አትጋብዘውም?» አለችው። ጋበዘው።

ሚስቱ የቤት ፕላን ነዳፊ ናት። ሥራዋን የምትሠራው ቤት ሆና፣ መኝታ ቤቱ ጥግ ከመስኮቱ ሥር ባስቀመጠችው ኮምፒውተር ላይ ነው። ሙሽራው ምሳውን በልቶ ሲያበቃ ሥራዎን ያሳዩኝ አላት፣ ኮምፒውተሩን ሳሎን ድረስ ማምጣት ስለማይቻል ያተመችውን አምጥታ ዘረጋችለት። ልጁ አንድ ደረጃ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይሄ እዚህ ጋ ሲታጠፍ ሰው ግንባሩን አይመታም?» አላት። ከዚያ የደረጃ ወሬ ያዙ። ጋሼ ሽቦ በትዳሩ ዘመን ሁሉ ከሚስቱ ጋር ስለ ደረጃ ያወራው ተጠራቅሞ የዚያን ቀኑን አያህልም። ሚስቱ ሳቀች። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርገው ከልቧ ሲያስቃት ብቻ ነው፣ ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ያን ቀን እጇ አፏ ላይ ነበር። እሱ ከሳህኑ ላይ የቀረውን ዳቦ አነሣና ሳያምረው በላው።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ በዚህ ይቀር ነበር። ሰው ይቀናል፣ ያድርና ይተወዋል። ግን የቤት ሥራው መጣ።

ሙሽራው ለእያንዳንዳቸው ስዊች የምትባል፣ ኬብል የሚሰካባት ትንሽ ሣጥን አደላቸው። ስዊቿ ከኮምፒውተሩና ኢንተርኔቱን ቤት ከሚያስገባው ራውተር መካከል ትገባና በኬብሉ ውስጥ ከሚያልፈው ሁሉ ግልባጭ ታስቀራለች። «በቤታችሁ ያለ አንድ ኮምፒውተር በቀን ውስጥ ከማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር አይታችሁ ኑ» አለ። «የሚያወሩት ብዙውን ጊዜ የታሸገ ነው፣ ውስጡን አታዩም። የምታዩት ከላይ ያለውን አድራሻ ብቻ ነው። ከማን፣ ለማን።»

ሚስቱን አስፈቀደ። «ለትምህርት ከሆነ ምን ቸገረኝ» አለች።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ እራት እስኪቀርብ ድረስ ግልባጩን ዘርግቶ ተመለከተ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ይሄ ደብዳቤዋ ነው። ይሄ የሴራሚክና የበር ዋጋ የምታይበት ገጽ ነው። ይሄ የእህቷ ልጆች ፎቶ። በየመሀሉ ግን አንድ ቁጥር ብቅ ይላል። ሰላምታ፣ አጭር ወሬ፣ ስንብት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰላምታ፣ አጭር ወሬ፣ ስንብት። ከጠዋት እስከ ማታ አይደክመውም። ወሬው የታሸገ ነው።

ቁጥሩን የሆነ ቦታ አይቶታል። የት እንዳየው ሲገባው ክው አለ። ሙሽራው በዚያው ሳምንት በሰሌዳው ላይ የጻፈው ነው። «በዚህ ሕንጻ ያለን ሁላችን ወደ ውጭ የምንወጣው በአንድ በር ነው፤ ውጭ ያለ ሰው የሚያየው የበሩን ቁጥር ብቻ ነው፤ ከውስጥ የወጣው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ራውተሩ ነው» ብሎ ነበር፣ ቁጥሩን በትልቁ እየጻፈ። የእሱ መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው። የሚስቱ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ከእሱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር ሲያወራ ይውላል ማለት ነው። እሱ ደግሞ እዚያ ቁጭ ብሎ የኮምፒውተሮችን ሰላምታ ይማራል።

«እራት ቀርቧል» አለች ሚስቱ።

«አልራበኝም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስዊቿን አልነቀላትም። ቀናተኛ ሰው ማስረጃ የሚፈልግ ይመስለዋል እንጂ የሚፈልገው ማገዶ ነው፣ ማገዶውም በየቀኑ ይመጣለት ነበር። ወሬው የሚጀምረው እሱ ከቤት ሊወጣ ሲል ነው። የሚያቆመው እሱ ሲመለስ ነው። እሱ ቤት ሲውል ዝር አይልም። በዕረፍት ቀን ተረኛ ሆኖ ሲወጣ ግን ገና የጫማውን ክር ሳያስር ሚስቱ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች። አንዴ «ዛሬ ሥራ አለሽ እንዴ?» ብሏት ነበር፣ ጥርጣሬ ሳይገባው በፊት። «የለኝም፣ እንዲሁ ነው» ብላ ፈገግ አለች። አሁን ያቺ ፈገግታ ትዝ እያለችው ግልባጩን ደጋግሞ ይከፍት ጀመር።

ከዚያ ሙሽራው ታሞ የቀረበት ቀን መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቀን ራሱን ይይዝ ነበር፣ ምክንያቱም ሙሽራው ቤቱ ተኝቶ ሳለ ወሬው አልተቋረጠም። ጋሼ ሽቦ ግን ጥቂት አሰበና መልሱን አገኘ። ልጁ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ተንኮል ውስጥ የገባ ሰው እንዴት ያጠፋል? ይህን ካሰበ በኋላ ልጁን ከበፊቱ ይልቅ ጠላው። መታመሙም ማስመሰል ነው አለ።

አንድ ጠዋት፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ከአፉ አመለጠው።

«ኮምፒውተርሽ ከእኛ መሥሪያ ቤት ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

ሚስቱ ዳቦ ስትቆርጥ ነበር። መጀመሪያ የቀለደባት መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቱን አየችው።

«ምን ማለትህ ነው?»

«የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ልወጣ ስል ትጀምሪያለሽ፣ ስገባ ታቆሚያለሽ። የታሸገ ነው፣ ውስጡን አላየሁም። ግን የት እንደሚሄድ አይቻለሁ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ማነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ጮኻ ብትሰድበው፣ ብታለቅስ፣ የሚሆነውን ያውቅ ነበር። እሷ ግን ፊቱን በደንብ አድርጋ አየችው፣ የጠፋ ዕቃ የምትፈልግበት ይመስል። የፈለገችውን እንዳጣችው ያስታውቅ ነበር።

«እውነትህን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች በቀስታ።

«እውነቴን ነው።»

«አንተ አይደለህ ኔትወርክ የምትማረው? ፈልገህ አግኘው።»

ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። ኮምፒውተሩ እሱ ልብሱን ሲለብስ ጀምሮ ተከፍቶ ያጉረመርም ነበር፣ ድምፁ ቆመ። ስታጠፋው ሰማ። ያንን ደግሞ የጥፋተኛ ሥራ ነው ብሎ ተረጎመው፣ ሻዩንም ሳይጨርስ ወጣ።

ክፍል ሲገባ ደሙ እንደፈላ ነበር። ሙሽራው ገና ሰሌዳውን ሳያጸዳ እጁን አወጣ።

«አሰልጣኝ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ከዚህ ሕንጻ ውስጥ አንድ ሰው፣ እንበል፣ ከውጭ ካለ ከአንድ ሰው ቤት ጋር በድብቅ የሚነጋገር ቢሆን፣ በምን ይያዛል?»

ጥያቄውን ሲጠይቅ ዓይኑን ከልጁ ዓይን አልነቀለም። ላቡ ጠብ ሲል ለማየት ነበር። የልጁ ፊት ግን በራ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ። እንዲያውም የዛሬውን ትምህርት በዚሁ እናድርገው። አድራሻው አለዎት?»

ጋሼ ሽቦ አለው። በግልባጩ ላይ ከአድራሻው ጎን ያለችውንም ትንሽ ቁጥር አብሮ ሰጠው። ልጁ የድርጅቱን ራውተር ከፍቶ ግድግዳው ላይ ለሁሉም እንዲታይ አደረገው፣ ወረድ ወረድ ብሎም አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ይኸው። አሁን የሚነጋገር የለም። ግን ከውጭ በዚህች ትንሽ ቁጥር የሚመጣ ሁሉ ወደ ውስጥ ወደ አንድ ኮምፒውተር እንዲላክ ታዟል። ይሄ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ሰው ሆን ብሎ የከፈተው ነው። ማን ነው የከፈተው?»

ሆን ብሎ የምትለዋ ቃል ጋሼ ሽቦን ጆሮው ድረስ አቃጠለችው። ልጁ እንዴት ያለ ደረቅ ነው፣ የራሱን ጉድ በራሱ ጣት ያሳያል፣ አለ በልቡ።

«ደህና፣ ሰው ካልነገረን ኬብሉ ይነግረናል» አለ ሙሽራው። የውስጡን ቁጥር ወስዶ የትኛው ስዊች፣ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ አገኘ። ከዚያ «ተነሡ፣ በእግር እንሂድ» አላቸው። ከየቅርንጫፉ የመጡት ተንጋግተው ወጡ። ገንዘብ ያዧ ወሬው ሸትቷት መስኮቷን ዘግታ ተከተለች። ኬብሉ ከስዊቹ ወጥቶ በኮሪደሩ ጣራ ሥር ይሄዳል። ጋሼ ሽቦ ከፊት ነበር፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ኬብሉን እየተከተለ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ለሥልጠናው ጊዜ ለሙሽራው የተሰጠው ቢሮ አለ። ኬብሉ ወደዚያ አቀና። ጋሼ ሽቦ እርምጃውን አፈጠነ፣ ያቻኮለውም ሕመም ብቻ አልነበረም፣ ደስታም ነበረበት። ይኸው፣ አለ። በሰው ፊት።

ኬብሉ የሙሽራውን በር አልፎ ሄደ።

ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ በደረጃው አጥር ወረደ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው የዕቃ ክፍል ግድግዳ ገባ። በሩን ሲከፍቱ አሮጌ ወንበሮች፣ የተሰበረ መደርደሪያ፣ ከኋላም የካሳ ቅጾችን የሚያትመው ትልቁ አታሚ። ከአታሚው አጠገብ ወለሉ ላይ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ነበር፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ትላለች። በላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «አታሚውን የሚያዘው ይሄ ነው። እንዳትነኩ። ሽቦ።»

ገንዘብ ያዧ ናት ቀድማ የሳቀችው። «ጋሼ ሽቦ፣ ሌባው እርስዎ ነዎት እንዴ?» ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሼ ሽቦ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሙሽራው አየውና ሳቁን ዋጠ፣ ከዚያም «ለአሁኑ ይበቃናል፣ ሻይ ጠጡና ተመለሱ» ብሎ ሁሉንም አስወጣቸው። ራሱ መጨረሻ ሲወጣ በሩን ከኋላው ቀስ ብሎ ዘጋው።

ጋሼ ሽቦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አሁን ሁሉም መጣለት።

ሚስቱ ኦፕራሲዮን ሆና ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን ነበር። ፈቃዱ አልቆ ሥራ ሲመለስ ቤት ብቻዋን ትውላለች። ስልክ እየደወለ እንቅልፏን እንዳይነሣት ይፈራል፣ ሳይደውል ደግሞ ሥራ አይሠራም። ያኔ ከኢንተርኔት ላይ የሆነ ነገር አገኘና እንደ ልማዱ እንዳለ ገለበጠው። የሚጫነውን ቁልፍ እንጂ በኬብሉ ውስጥ ምን እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። የመጣው ውጤት ግን እሱ የፈለገው ነው። የሚስቱ ኮምፒውተር እስከተከፈተ ድረስ በየጥቂቱ ወደ እሱ ኮምፒውተር አንዲት ቃል ይልካል። ቃሏን የመረጣት ራሱ ነው። «አንቺ ጠዋት ክፈቺው ብቻ» ብሏት ነበር፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ። «ሌላው የእኔ ጉዳይ ነው። ሥራዬን እየሠራሁ ዓይኔ እሱ ላይ ነው።»

እውነትም ዓይኑ እሱ ላይ ነበር። አንድ ቀን ቃሏ ቀረች። ስብሰባ ላይ የነበረ ሰው ተነሥቶ፣ ዝናብ ላይ፣ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ቤቱ ድረስ ሮጠ። መብራት ጠፍቶ ኖሯል። ሚስቱ ውሃ የሚያንጠባጥብ ባሏን አይታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ስፌቱ እስኪያማት።

ከዚያ ዳነች። ለእሱ አዲስ ኮምፒውተር መጣለት፣ አሮጌውን አታሚውን ያዝ ብሎ እዚህ አስገባው። ረሳው። እንዲህ በቀላሉ።

ከአሮጌዎቹ ዕቃዎች መሀል አንድ ስክሪን አንሥቶ ሰካለት። ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል ብቻ ተደርድራለች። አለሁ። አለሁ። አለሁ። የዕረፍት ቀኖቹም አሉበት፣ ተረኛ ሆኖ የወጣባቸው ሁሉ። የመጨረሻዋ ዛሬ ጠዋት እሱ ሻይ ሲጠጣ የመጣችው ናት። ከእሷ በታች ባዶ ነው።

ያኔ ነበር ቅናት ምን እንደሆነ በደንብ የገባው። በሙሽራው የቀናው ቅናት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር። ሚስቱ ይህን ሁሉ ዘመን አለሁ ስትል የኖረችው በዝናብ ለሮጠው ሰውዬ ነው፣ ያ ሰውዬ ደግሞ ከሄደ ቆይቷል። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ አብሯት የተቀመጠው ሌላ ነው። ጋሼ ሽቦ በዚያ ሰውዬ ቀና። ዓይኑ ደም እስኪለብስ ቀናበት።

ሥራ አስኪያጁንም ማንንም ሳያስፈቅድ ወጣ። እንደ ያኔው ለመሮጥ ጉልበቱ አልፈቀደለትም፣ ግን ታክሲም አልጠበቀም።

ሚስቱ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ በእርሳስ ደረጃ ትስል ነበር። መኝታ ቤት ያለው ኮምፒውተር ጨለማ ነው። ቀና ብላ አላየችውም።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ማን ሆነ?»

«እኔ።»

እርሳሷን አላቆመችም። «እሱን እኔም አውቃለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

መዋሸት ይችል ነበር። አሰበውም። የሆነ ቀን መጥራት ቀላል ነው። ግን አፉ እንቢ አለው።

«ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እከፍተው ነበር እኮ» አለች። «እህቴ ጋ ስሄድ እንኳ ክፍት ትቼው ነው የምሄደው፣ ድንገት ቢያጣው ይደነግጣል ብዬ። ስትመጣ አጠፋዋለሁ። ስትመጣማ ምን ያደርግልኛል።» ማስመሪያውን አዙራ ሌላ መስመር አሰመረች። «እያየኸው መስሎኝ ነበር።»

በሩ ላይ እንደቆመ ብዙ ነገር ሊላት ፈለገ። ይቅርታን ጀመረና ተወው፣ ይቅርታ የሚባለው ለጠዋቱ ነገር ነው፣ ይሄ የጠዋቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። ላቡ ወረቀቷ ላይ እንዳይንጠባጠብ ራቅ አለ።

«አለሽ?» አላት።

ሚስቱ የደረጃውን አንድ እርከን ጨርሳ ሌላውን ጀመረች። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል፣ ከውጭ የጎረቤት ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል።

እሱ ጠበቀ። ከበፊቱ ረዘም አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ እንደገና ጠየቃት።